በውርርድ የተያዘውን ወንድም እንዴት እንቀበለው?

(ለአጥቢያ ካህናት፣ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለሰንበት ትምህርት ቤት ተጠሪዎች በተዘጋጀ የምክክር መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ስለ ቁማር እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ መጀመሪያ ያሳሰበኝ ነገር ቢኖር፣ ቁማር ክፉ መሆኑን ለእናንተ ማን ይነግራችኋል የሚለው ነው። የሐዋርያት ቀኖና በዕጣ ጨዋታና በመጠጥ የተጠመደ ኤጲስ ቆጶስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን ወይ እንዲተው ወይ ከሹመቱ እንዲሻር ካዘዘ ዘመናት አልፈዋል። ስለዚህ ዛሬ የጎደለን ፍርዱ አይደለም። የጎደለን፣ በውርርድ የተያዘ ልጃችን ወይም እናቱ የሰበካ ጉባኤውን ጽሕፈት ቤት በር በሚያንኳኩባት ቀን ምን እንደምናደርግ ማወቅ ነው። የምናገረው ስለዚያች ቀን ነው።

በዚያው ቀኖና ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። አንደኛ፣ ትእዛዙ ከምእመናን አስቀድሞ የተናገረው ለእኛ ለአገልጋዮች ነው፤ እንግዲህ ይህ የወጣት ሥራ ፈቶች ጉዳይ ብቻ ነው ብለን እጃችንን መታጠብ አንችልም። ሁለተኛ፣ ከመሻር አስቀድሞ መተውን ያነሣል። በሩ መጀመሪያ የሚከፈተው ለመመለስ ነው።

በአጥቢያችን የሆነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በማገለግልበት አጥቢያ የሆነውን ላስቀድም። ታሪኩን የምናገረው በወጣቱ ፈቃድ ነው፤ ስሙንና ቦታውን ግን አልጠራም።

ሰንበት ትምህርት ቤቱ ወደ አንድ ገዳም መንፈሳዊ ጉዞ አዘጋጅቶ ነበር። ገንዘቡን የሚሰበስበው ከሁሉ ይልቅ የምንታመንበት ልጅ ነበር፤ መዝሙር ያስጠናል፣ ሕፃናትን ያስተምራል፣ ከቅዳሴ አይቀርም። የጉዞው ዕለት ምእመናን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምረው ስንቃቸውን ይዘው በቅጥሩ በር ተሰበሰቡ። አውቶቡሱ ሳይመጣ ነጋ። ባለቤቱ ሲጠየቅ ከቀብድ በቀር ክፍያ አልደረሰኝም አለ። የልጁ ስልክ ዝግ ነበር። የ84 ሰዎች የጉዞ ገንዘብ በ9 ቀን ውስጥ በስልክ ውርርድ አልቆ ኖሯል።

በዚያው ዕለት ሰበካ ጉባኤው አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። አንዱ ለፖሊስ እንስጠው አለ። ሌላው ለሌሎች መቀጣጫ እንዲሆን በዐውደ ምሕረት ስሙ ይነገር አለ። እኔ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይነሣ በማለት ገንዘቡን ከመካከላችን አዋጥተን በጸጥታ እንመልስ፣ እርሱንም ቃል አስገብተን እንተወው ብዬ አጥብቄ ተከራከርሁ። የእኔ ሐሳብ ጸደቀ። ገንዘቡ ለተጓዦች ተመለሰ፤ ልጁም እያለቀሰ ዳግመኛ አልነካውም አለ። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን እናቱ በተራዋ የደረሳትን የዕቁብ ገንዘብ ወስዶ ተጫወተበት።

ያን ጊዜ ስሕተቴ ገባኝ። ዕዳውን ከፈልንለት እንጂ እርሱን አንድም ነገር አልጠየቅነውም። ሸክሙ ስለ ቀለለለት በሽታው የዳነ መሰለው፤ እኛም ጉዳዩ የተዘጋ መሰለን። በውርርድ ለተያዘ ሰው ዕዳው በሌላ እጅ ሲከፈልለት፣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ዕረፍት ሳይሆን እንደገና የመጀመሪያ ዕድል ነው።

መንገዱን ያቀኑልን አንድ አረጋዊ ካህን ናቸው። ሳይጠሩ ወደ ቤቱ ሄደው በዱካ ላይ ተቀመጡና ስንት ብር እንደ ጠፋ አልጠየቁትም። «ልጄ፣ እንቅልፍ ከተለየህ ስንት ጊዜ ሆነህ?» አሉት። ልጁ በዚያች ሌሊት ለማንም ያልተናገረውን ሁሉ ነገራቸው። ቁማሩ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነበር። አበዳሪዎቹም ከምናስበው በላይ ነበሩ፤ በዐረብ አገር የምትሠራ እኅቱ ለእናታቸው መድኃኒት ብላ የላከችው ገንዘብም በዚያው መንገድ አልፏል። ሕይወቱን ለማጥፋት ሁለት ጊዜ አስቦ እንደ ነበርም የተናገረው ለእርሳቸው ነው።

እኛ ስለ ተጓዦቹ ገንዘብ ስንከራከር የነፍስ ጉዳይ በመካከላችን ተቀምጦ ነበር። ይህን ባስታወስሁ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ኃጢአትም ሕመምም ሲሆን

«ታዲያ በሽተኛ ነው ካልን ኃጢአቱን ማቃለላችን አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ከአባቶች እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ የቁማር ሱስን ከሱስ ሕመሞች ጋር መድቦታል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ከአልኮልና ከሌሎች ሱሶች ጎን አስቀምጦታል። ይህም የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰውየው መጠኑን ካልጨመረ አይረካም፤ ሲያቆም ይቁነጠነጣል፣ ይበሳጫል፤ ለመተው ደጋግሞ ሞክሮ ይሸነፋል። በመጠጥ የተያዘ ሰው ላይ የምናየው ሁሉ ይታይበታል፤ ልዩነቱ አፉ አለመሽተቱና እግሩ አለመንገዳገዱ ነው።

ይህ ጥያቄ ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ አይደለም። በኤች አይ ቪ ዘመን በየጠበሉ የተሰበሰቡ ሕሙማን መድኃኒቱን ይተዉ ወይስ ይውሰዱ የሚል ብርቱ ጭንቀት ነበር። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ ሕሙማን ሁለቱንም ይዘው እንዲጓዙ በይፋ አስተማሩ። በዚያ ትምህርት ብዙ ነፍስ ተርፏል። ዛሬም ያንኑ መንገድ መያዝ እንችላለን። ንስሐው፣ ጸሎቱና ጠበሉ አይቀርም፤ ሐኪሙም አይቀርም። ሕመም መኖሩ የወሰደውን ገንዘብ ከመመለስ ነጻ አያወጣውም፤ ኃጢአት መኖሩም ሕክምናን አይከለክለውም።

ዕጣ፣ ሎተሪና የስልክ ውርርድ

ወጣቶች አንድ ክርክር ያቀርቡልናል። «ዕቁብም ዕጣ ነው፤ ማትያስም በዕጣ ነው የተመረጠው» ይላሉ። መልሳችን ቁጣ ሊሆን አይገባም፤ ልዩነቱን ማሳየት ይበቃል። በዕቁብ እያንዳንዱ አባል የጣለውን ያህል በተራው ይወስዳል፤ ዕጣው የሚወስነው ማን እንደሚቀድም ብቻ ነው። በማትያስ ምርጫም ጸሎት ቀደመ፣ ከዚያ ዕጣ ተጣለ፣ ከማንም ላይ የተወሰደ ነገር አልነበረም። በቁማር ግን የአንዱ ደስታ ከሌላው ኪስ የወጣ ነው። በመስቀሉ ሥር ወታደሮቹ ዕጣ የተጣጣሉት በተገፈፈ ልብስ ላይ መሆኑን እናስብ።

ሌላው ልዩነት ፍጥነት ነው። የሎተሪ ቲኬት በአገራችን መሸጥ ከጀመረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሎተሪ የገዛ ሰው የዕጣው ቀን እስኪደርስ ይጠብቃል፤ በመካከሉ ሥራውን ይሠራል፣ ይረሳዋልም። በስልክ የሚደረገው ውርርድ ግን ሌሊትና ቀን አይለይም። የአውሮፓ እግር ኳስ ቢያልቅ ኮምፒውተር የሚፈጥረው ጨዋታ ይተካል፤ አውሮፕላኑ ሳይሰወር ገንዘብህን አውጣ የሚለው ጨዋታ በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። ገንዘቡም በስልክ ሂሳብ ስለሚተላለፍ ከእጅ ሲወጣ አይታይም። የመቶ ብር ኖት ቆጥሮ የሚሰጥ ሰው እጁ ይከብደዋል፤ ቁጥር የሚጫን ጣት ግን አይከብደውም።

እስቲ ደግሞ ስሌቱን እንመልከት፤ ለወጣቶች ከስብከት ይልቅ ይህ ሲያሳምናቸው አይቻለሁ። አንድ ልጅ ዐሥር ጨዋታዎችን በአንድ ቲኬት ላይ አሰለፈ እንበል። እያንዳንዱን የማግኘትና የመሳት ዕድሉ እኩል ቢሆን፣ ዐሥሩንም አንድ ላይ የማግኘት ዕድሉ ከ1,024 አንድ ነው። ለእያንዳንዱ ጨዋታ የሚሰጠው ኦድ 1.90 ቢሆን፣ ዐሥሩ እርስ በርስ ሲባዙ 613 ገደማ ይመጣሉ። እንግዲህ 10 ብር አስይዞ ቢያሸንፍ 6,130 ብር ገደማ ያገኛል፤ ደስታው ሰማይ ይነካል። ሚዛኑ እኩል ቢሆን ኖሮ ግን ሊከፈለው የሚገባው 10,240 ብር ነበር። በእንዲህ ያለ ቲኬት ከሚገባው ከእያንዳንዱ 100 ብር በረጅም ጊዜ ወደ ተጫዋቾች የሚመለሰው 60 ብር ገደማ ነው፤ 40 ብሩ በአቋማሪው ዘንድ ይቀራል። ኦዱ ከፍ ዝቅ ሲል ቁጥሩ ይለዋወጣል፤ የሚያዘነብልበት አቅጣጫ ግን አይለወጥም።

«አንድ ጨዋታ በላኝ» የሚለውን ቃል ሁላችሁም ሰምታችኋል። ዘጠኙን አግኝቶ በአንዱ ብቻ የመሳት ዕድሉ ከ1,024 ዐሥር ነው፤ ማለትም «በላኝ» የሚባልበት አጋጣሚ ከማሸነፍ በዐሥር እጥፍ ይበልጣል። ልጁ ግን ለድል አንድ እርምጃ የቀረው ይመስለዋል። በማግሥቱም የሄደበትን ገንዘብ ለማስመለስ ይሄዳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ይደርስበታል።

«በኃላፊነት ተጫወቱ» ሲባል

የውርርድ ማስታወቂያዎች ከታች በትንሽ ፊደል በኃላፊነት ተጫወቱ ይላሉ። እኛ ምእመናንን ተጫወቱ ብለን አናስተምርም። ነገር ግን ዛሬ ምክራችንን ሰምቶ በአንድ ቀን የማያቆም ወጣት በፊታችን ሲቆም፣ ከማውገዝ በቀር የምንለው ከሌለ እርሱም ዳግመኛ አይመጣም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ወጣት ወሰን እንዲያኖር እንንገረው። ከምግብ፣ ከቤት ኪራይና ከቤተሰብ ድርሻ የተረፈ፣ ቢጠፋም የማያስለቅስ መጠን አስቀድሞ በወረቀት ይጻፍ። በብድር፣ በዐደራ ገንዘብና በዕቁብ ገንዘብ ፈጽሞ አይጫወት። የጠፋውን ለማስመለስ አይጫወት። ሲጠጣ፣ ሲያዝንና ሲናደድ አይጫወት። ወሰኑንም ለአንድ ለሚያከብረው ሰው ያሳውቅ።

የዚህ ወሰን ትልቁ ጥቅም ሰውየው ራሱን እንዲያውቅ ማድረጉ ነው። ወሰኑን አንድ ወር የጠበቀ ሰው ለመተውም አቅም እንዳለው ያያል። በሦስተኛው ቀን የጣሰው ደግሞ ጉዳዩ ከእጁ እንደ ወጣ ይረዳል፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው በልክ መጫወት ሳይሆን ፈጽሞ ማቆምና እርዳታ መፈለግ ነው። ለተያዘ ሰው ትንሽ የሚባል ውርርድ የለም፤ ከመጠጥ የተላቀቀ ሰው አንድ መለኪያ ብቻ ልቅመስ እንደማይል ሁሉ።

ባለሙያዎች ለመለየት የሚጠቀሙባቸው ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ የምታስይዘውን ገንዘብ እየጨመርህ የመሄድ ግፊት ተሰምቶህ ያውቃልን? ሁለተኛው፣ ምን ያህል እንደምትጫወት ለምትወዳቸው ሰዎች ዋሽተህ ታውቃለህን? ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካለ፣ ነገሩን ጠለቅ ብሎ የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል። ከዚህ በተጨማሪ ደጋግሞ መበደር፣ የቤት ዕቃ መሸጥ፣ ስልክን መደበቅ፣ ከማኅበርና ከቅዳሴ መራቅ፣ ሌሊት አለመተኛት ምልክቶች ናቸው። ምልክቶቹ በወንዶች ላይ ብቻ፣ ወይም በሥራ ፈቶች ላይ ብቻ የሚታዩ አይደሉም።

በሩን ሲያንኳኳ ምን እናድርግ?

በአጥቢያችን ከስሕተታችን የተማርነውን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እንስማው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እንዲደብቅ የሚያደርገው ግን ብዙ ጊዜ የእኛ ፊት ነው። ስሙን በዐውደ ምሕረት መጥራት ሌሎች ዐሥር ሰዎችን ዝም ያሰኛል። ለንስሐ አባት የተነገረው ምስጢር በንስሐ ምስጢርነቱ ይቆያል፤ ወደ ሰበካ ጉባኤ የሚመጣው ሰውየው ራሱ ፈቅዶ ሲናገረው ብቻ ነው። የንስሐ አባቶች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የማሳስበው እኛን የኮሚቴ ሰዎችን ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ሕይወቱ እንጠይቀው። በቁማር ዕዳ የተያዘ ሰው ራሱን የማጥፋት አደጋው ከፍ ያለ ነው። «ከዚህ ሁሉ ሞት ይሻለኛል ብለህ አስበሃልን?» ብሎ በርኅራኄና በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን በልቡ አይተክልበትም፤ ይልቁንም የሚናገርበትን በር ይከፍትለታል። መልሱ «አዎ» ከሆነ በዚያች ሌሊት ብቻውን አይደር። የሚያምነው ሰው አብሮት ይሁን፤ ራሱን ሊጎዳበት የሚችለው ነገር ከአጠገቡ ይራቅ፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡን ከእጁ እናርቅ። ይህ በእርሱ ፈቃድ የሚሆን ነው። ደመወዙ በእርሱና በሚያምነው የቤተሰብ አባል ጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሂሳብ ይግባ። በስልኩ ሂሳብ ላይ ለትራንስፖርትና ለምሳ የሚበቃ ብቻ ይኑር። የውርርድ ሂሳቦቹ እንዲዘጉ ለየድርጅቶቹ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ መተግበሪያዎቹን ከስልኩ ያጥፋ፤ ውጤትና ግምት ከሚለዋወጡበት የስልክ ቡድኖችም ይውጣ። የኳስ ማሳያ ቤት የሚያሳልፈውን ሰዓት የሚተካ አገልግሎት ወይም ሥራ እንስጠው፤ ባዶ ሰዓት ወደ ቀድሞው ቦታ ይመልሰዋልና።

አራተኛ፣ ዕዳውን እንጻፍ እንጂ አንክፈል። ለማን ስንት እንዳለበት፣ አንድም ሳይደብቅ፣ በወረቀት ይስፈር። ሽማግሌዎች ከአበዳሪዎች ጋር ተነጋግረው ጊዜ ያስገኙለት፤ እርሱም ከላቡ ጥቂት በጥቂቱ ይክፈል። የአጥቢያው ምጽዋት ለቁማርተኛው ዕዳ ሳይሆን ለተራቡ ልጆቹና ለሚስቱ ይድረስ፤ ያውም በእህልና በትምህርት ክፍያ መልክ እንጂ በጥሬ ገንዘብ አይሁን። ለዘመዶችም፣ በተለይ ከውጭ አገር ለሚልኩት፣ ፍቅራቸው ብድር እንዳይሆን እንምከር።

አምስተኛ፣ ወደ ሐኪም እንሸኘው። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አሉ፤ እንደ ጎንደርና ጅማ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። በሌላ ቦታ ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ካለ ጤና ጣቢያ ወይም ጠቅላላ ሆስፒታል ጀምሩ። ሕክምናው በዋናነት በንግግር የሚሰጥ ነው፤ ሰውየው ወደ ጨዋታ የሚገፋውን ሐሳብና አጋጣሚ ለይቶ እንዲያውቅና ሌላ መንገድ እንዲለምድ ያግዙታል። ድባቴ ወይም የመጠጥ ሱስ ካለበትም አብሮ ይታከማል። አንድ ምክር ልጨምር። ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ «ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ የለኝም» ብሎ እንዳይመለስ፣ «በቁማር ተይዣለሁ» የሚለውን ቃል በአፉ እንዲናገር አስቀድመን እናደፋፍረው። ቢፈቅድ አንድ ሰው አብሮት ይሂድ።

ስድስተኛ፣ ብቻውን አንተወው። እ.ኤ.አ. በ1957 በሎስ አንጀለስ በቁማር የተያዙ ሰዎች ስማቸውን ሳይገልጹ ተሰብስበው እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ማኅበር ጀመሩ፤ ዛሬ በብዙ አገሮች አለ። አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እኛም የጽዋ ማኅበር ያለን ሕዝቦች ነን፤ ሰው ችግሩን በወንድሞቹ ፊት ሲያወርድ እንደሚቀለው እናውቃለን። አንድ የስብከት አዳራሽ በሳምንት አንድ ምሽት ለዚህ ብንከፍት፣ ሁለት ሰው ቢመጣ እንኳ ተጀመረ ማለት ነው። ወድቆ ቢመጣም በዚያው በር ይግባ። የጠፋው ልጅ አባት መንገድ መንገዱን ይመለከት እንደ ነበር እያስተማርን በሩን መቆለፍ አይቻለንም።

የገዛ ቤታችን

አሁን የሚከብደውን ልናገር። ብዙ አጥቢያዎች በቅጥራቸው ዙሪያ የሚከራዩ ሱቆች አሏቸው። ኪራዩ ለካህናት ደመወዝና ለሕንፃ ሥራ እንደሚውል አውቃለሁ፤ እኔም የዚያን ፍሬ በልቻለሁ። ነገር ግን ሱቁን ተከራይቶ ወይም ከተከራይ ላይ ተከራይቶ ውርርድ የሚያጫውት ሰው ካለ፣ በዐውደ ምሕረት የምናወግዘውን በደረሰኝ እየተቀበልን ነው። ልጁ ከቅዳሴ ወጥቶ ጥቂት እርምጃ እንደ ተራመደ የሚያገኘው እርሱን ነው። ውል ይከበራል፤ ተከራይን በጉልበት አውጡ አልልም። ውሉ ሲታደስ ግን ሱቁ ለውርርድና ለቁማር እንዳይውል፣ ለሦስተኛ ወገን እንዳይተላለፍ የሚል አንቀጽ ይግባ። የኪራይ ገቢው ቢቀንስ ጉዳቱን በግልጽ ለምእመናን እንንገራቸው፤ ለምን እንደ ቀነሰ ሲያውቁ የሚያግዙን ይመስለኛል።

ስለ ቶምቦላም እንነጋገር። ለሕንፃ ግንባታ ዕጣ የምናወጣ አጥቢያዎች አለን። የገዛው ሰው ለቤተ ክርስቲያን እንደ ሰጠ እንደሚያስብ አውቃለሁ። ሆኖም መኪና በሥዕል አሳይተን ዕድላችሁን ሞክሩ ብለን በጮኽንበት ድምፅ ማጉያ፣ በማግሥቱ ዕድል አትሞክሩ ብንል ልጆቻችን ያስተውላሉ። ስጦታን በስጦታነቱ መጠየቅ ከብዶን እንደሆነ ራሳችንን እንመርምር። ከውርርድ አሸነፍሁ ብሎ ብዙ ገንዘብ የሚያመጣ ሰውም ቢኖር፣ ስሙን ጠርተን ከማጨብጨባችን በፊት ልጆቹ ምን እንደ በሉ እንጠይቀው።

የመጨረሻው የገንዘብ አያያዛችን ነው። ያን ወጣት ፈተና ላይ የጣልነው እኛ ራሳችን ነን። የ84 ሰው ገንዘብ በአንድ ልጅ የግል ስልክ ሂሳብ እንዲሰበሰብ የፈቀድን እኛ ነን። ታማኝነቱን አይተን እንጂ ድካሙን አላሰብንለትም። ሙዳየ ምጽዋት የሚከፈተው ብዙ ሰዎች ባሉበት፣ ቁልፉም በተለያየ ሰው እጅ እንዲሆን የምናደርገው አገልጋዩን ስለምንጠረጥር አይደለም፤ ከሐሜትም ከፈተናም ስለሚጠብቀው ነው። የጉዞ፣ የጽዋና የሰንበት ትምህርት ቤት ገንዘብም እንዲሁ ይሁን። በማኅበሩ ስም በተከፈተ የባንክ ሂሳብ ይግባ፤ ቢያንስ ሁለት ፈራሚ ይኑረው፤ ደረሰኝ ይቆረጥለት፤ በየወሩም ይመርመር።

ያ ወጣት ዛሬ የት እንዳለ ሳትጠይቁኝ አትቀሩም። ሕክምናውን ተከታትሏል፤ ከእኛ ጋር ነው። በመካከሉ ሁለት ጊዜ ወድቆ ተነሥቷል። ዕዳው አላለቀም፤ በየወሩ ደመወዝ ሲወጣ እኅቱ በምትይዘው ደብተር ላይ እያስመዘገበ ይከፍላል። ገንዘብ የሚነካ ኃላፊነት አልተሰጠውም፤ እርሱም አይፈልግም። ሕፃናቱን ማስተማር ግን ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ እንደገና ጀምሯል። አረጋዊው ካህን አሁንም ባገኙት ቁጥር የሚጠይቁት ያንኑ ነው፤ «እንቅልፉስ?» ይሉታል።

ከዚህ ስንወጣ ሦስት ነገር ብናደርግ እለምናለሁ። በመጪው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ የሱቆቻችንን የኪራይ ውሎች አውጥተን እናንብብ። በአጥቢያው ስም የሚሰበሰብ ገንዘብ በማን ስም እንደ ተቀመጠ አንድ በአንድ እንቁጠር። ከዚያም ምስጢር የሚጠብቅ፣ ለመስማት የማይቸኩል አንድ አባት ወይም አንዲት እናት እንምረጥና በውርርድ የተጨነቀ ሰው ወይም ቤተሰቡ ወደ እነርሱ እንዲሄድ በዐውደ ምሕረት እናስታውቅ። የሚጠራው የተቸገረው ሰው ስም ሳይሆን የሚቀበለው ሰው ስም ይሁን።

እግዚአብሔር አምላክ የባከኑትን ይሰብስብልን፤ ለእኛም የመቀበልን ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።